አሮጌ የእግር ስፌት መኪና እንዴት ይመረጣል?

ልብስ ስፌት ለመጀመር የሚያስቡ ሰዎች ደጋግመው ከሚጠይቁኝ ጥያቄዎች አንዱ «አሮጌ ሲንጀር አግኝቻለሁ፤ ልግዛው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና መብራት ሲጠፋ ሥራ አያስፈታም፤ ሞተር ስለሌለው የሚቃጠል ነገር የለውም፤ አካሉ ብረት ስለሆነም በወቅቱ ዘይት ካገኘ ከአያት ለልጅ ልጅ ይተርፋል። በሐረር ጀጎል፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድም ሆነ በየከተማው በረንዳ ላይ፣ ዛሬም በእነዚህ መኪኖች እንጀራቸውን የሚያበስሉ ልብስ ሰፊዎች ብዙ ናቸው።

መልሴ ግን ሁልጊዜ «መጀመሪያ እንየው» ነው። ሁለት መኪኖች በአንድ ዘመን ተሠርተው፣ አንድ ዓይነት የወርቅ ቀለም ጌጥ ኖሯቸው፣ አንዱ ነገውኑ ሥራ ሲጀምር ሌላው የሳሎን ጌጥ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ልዩነቱ ያለው ብዙ ገዢ ጎንበስ ብሎ በማያየው ቦታ፣ ከመርፌው በታች ነው። መርፌውና የታችኛው ክር መያዣው ከገበያ የሚገኝለት መኪና ይሠራል፤ የማይገኝለት የቱንም ያህል ቢያምር አይሠራም። የዚህ ማብራሪያ ዋና ነጥብ ይኸው ነው፤ የቀረውን በቅደም ተከተል እንመልከት።

ክፍሎቹና አሠራራቸው

የእግር መኪና ጭንቅላትና መቆሚያ የሚባሉ ሁለት አካላት አሉት። ጭንቅላቱ መርፌውን፣ ክር ሳቢውንና የእጅ መዘውሩን የያዘው ላይኛው ክፍል ነው። መቆሚያው ደግሞ የእንጨት ጠረጴዛው፣ የብረት እግሮቹ፣ መርገጫውና ትልቁ መዘውር ናቸው። መርገጫውን ስንረግጥ አንድ ዘንግ ትልቁን መዘውር ያዞረዋል፤ ትልቁ መዘውር በቆዳ ቺንጋ አማካይነት ትንሹን የእጅ መዘውር ያዞራል። ታችኛው ትልቅ፣ ላይኛው ትንሽ ስለሆነ አንድ ሙሉ ርግጫ እንደ መዘውሮቹ መጠን 4 ወይም 5 ስፌት ያወጣል። ገና ያልለመደ ሰው መኪናው «አመለጠኝ» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ስፌቱ የሚያያዘው በሁለት ክር ነው። ዓይኑ ከጫፉ አጠገብ የሆነው መርፌ የላይኛውን ክር ይዞ ጨርቁን ይበሳል። ወደ ላይ መመለስ ሲጀምር ከጎኑ ትንሽ የክር ቀለበት ይተዋል። ከታች ያለው መንጠቆ ወይም ሻትል ያንን ቀለበት ይዞ ከታችኛው ክር ጋር ያቆላልፈዋል፤ ከዚያ ክር ሳቢው ክንድ ቁልፉን ወደ ጨርቁ መሐል ስቦ ያጠብቀዋል። አሜሪካዊው ኢላያስ ሃው እ.ኤ.አ. በ1846፣ አይዛክ ሲንጀር ደግሞ በ1851 የፈጠራ መብት ያስመዘገቡት በዚሁ የሁለት ክር ቁልፍ ለሚሰፉ መኪኖች ነው። መሠረታዊው ሐሳብ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። የተለዋወጠው የታችኛው ክር የሚያዝበት መንገድ ነው፤ ምርጫችንም በአብዛኛው የሚወሰነው በእሱ ነው።

አስቀድሞ ሥራውን መወሰን

መኪና ከማየትዎ በፊት ምን እንደሚሰፉበት ይወስኑ።

የቤት ሥራ ከሆነ፣ ማለትም የመጋረጃ ጠርዝ፣ የአንሶላ ቅምቅማት፣ የልጆች ልብስና የተቀደደ መጠገን፣ ማንኛውም ጤነኛ የቤት መኪና ይበቃል። ጥጥ፣ አቡጀዴ፣ ጋቢና ጂንስ ያለ ችግር ይሰፋል።

ጥልፍ ለመሥራት የጨርቅ ጎታቹ ጥርሶች ወደ ታች የሚወርዱበት ወይም የሚሸፈኑበት መኪና ያስፈልጋል፤ ጨርቁን በማወጠሪያ ይዞ የሚያንቀሳቅሰው የሰፊው እጅ ነውና።

ኮትና ሱሪ በየቀኑ የሚሰፋ ባለሙያ እንደ ሲንጀር 31 ኬ ያለ ለልብስ ሰፊዎች የተሠራ ከባድ መኪና ቢይዝ ይሻለዋል። የዚህ መኪና መርፌ ግን መቀመጫው ክብ ነው፤ የቤት መኪና መርፌ አይሆነውም።

ጫማና ቦርሳ ለሚጠግን ሲንጀር 29 ኬ አለ። ተጫኝ እግሩ ዙሪያውን ወደ ፈለጉት አቅጣጫ ይዞራል፤ ቆዳውንም ከላይ ሆኖ ይጎትታል። ለጫማ የተሠራ ስለሆነ ቀሚስ ለመስፋት አይመረጥም።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅ። አብዛኞቹ አሮጌ የእግር መኪኖች የሚሰፉት ቀጥታ ስፌት ብቻ ነው። ዚግዛግ የሚሰፉት ጥቂት ናቸው፤ የጀርመኑ ፋፍ 130 እና የጣሊያኑ ኔኪ ቢዩ ከእነሱ መካከል ይጠቀሳሉ። የሚለጠጥ ጨርቅ ዋና ሥራዎ ከሆነ የቀጥታ ስፌት መኪና አያረካዎትም፤ ሲለጠጥ ክሩ ይበጠሳል።

ከመርፌው በታች ያለው ነገር

የታችኛውን ክር የሚይዘው ትንሽ ጥቅል ቦቢን ይባላል። ሻጩን የመኪናውን ዕድሜ ከመጠየቅዎ በፊት ሽፋኑን ከፍተው ቦቢኑን ያሳዩኝ ይበሉ። በሲንጀር መኪኖች ዘንድ በብዛት የሚያጋጥሙት እነዚህ ናቸው።

የመጀመሪያው ባለ ረዥም ሻትል ነው። 27፣ 28፣ 127 እና 128 የሚባሉት ሞዴሎች የዚህ ወገን ናቸው። ቦቢኑ ቀጭንና ረዥም ሲሆን ጥይት በሚመስል ሻትል ውስጥ ይገባል፤ ሻትሉ ከመርፌው በታች ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይመላለሳል። ስፌታቸው ቆንጆ ነው፤ የሚወስዱትም የተለመደውን የቤት መኪና መርፌ ነው። አደጋው ሻትሉ ከጠፋ የሚገጥመውን መፈለግ አድካሚ መሆኑ ላይ ነው። ሻትሉና ቢያንስ ሁለት ሦስት ቦቢን አብሮ ከሌለ ተስፋ አድርገው አይግዙ።

ሁለተኛው 15 ቁጥር ነው። ቦቢኑ ክብ ሆኖ በጎኑ ይቆማል፤ በራሱ ቤት ውስጥ ገብቶ ከግራ በኩል ይገጠማል። ለጀማሪም ለባለሙያም ደጋግሜ የምመክረው ይህንን ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጃፓን ፋብሪካዎች ይህንኑ ሞዴል በብዛት ቀድተው ሠርተውታል። የቻይናው ቢራቢሮና የህንዱ ኡሻ ጥቁር የእግር መኪኖችም የዚሁ ዘር ናቸው። ስለዚህ ቦቢኑ፣ የቦቢኑ ቤት፣ ተጫኝ እግሩና ብዙው መለዋወጫ ዛሬም አዲስ ይሠራል። ስሙ ሲንጀር ስላልሆነ ብቻ ጥሩ ቢራቢሮ ትቶ የታመመ ሲንጀር የሚገዛ ሰው ገንዘቡን በጌጡ ላይ አውሏል።

ሦስተኛው 66 ነው። ቦቢኑ በስተላይ፣ ከተንሸራታች ሽፋን ሥር ተጋድሞ ይገባል። ክሩ ሊያልቅ ሲል ሽፋኑን ገለጥ አድርጎ ማየት ስለሚቻል ለጀማሪ ምቹ ነው። ቦቢኑ የራሱ ቅርጽ አለው፤ የ15 ቁጥር ቦቢን በግድ ቢገባበት ክር ያጨናንቃል።

አራተኛው 201 ነው። መንጠቆው እየተመላለሰ ሳይሆን ሙሉ ዙር እየዞረ ይሠራል፤ በጥርስ የሚነዳ በመሆኑም ለስላሳና ጸጥተኛ ነው። የሚጠቀመው የ66ን ቦቢን ነው። ሞተሩ ከአካሉ ጋር ተዋህዶ የተሠራ 201 ግን ስላለ ይጠንቀቁ፤ እሱ ቺንጋ የሚቀበል መዘውር ስለሌለው በእግር አይነዳም።

ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም 12 ቁጥር የሚባል ጥንታዊ ሲንጀርም አለ። ሲያዩት ዓይን ይማርካል። መርፌው ግን ዛሬ በየሱቁ ከሚሸጠው የተለየ ስለሆነ ለሥራ የሚፈልግ ሰው ባይገዛው ይሻላል።

መርፌ ሲገዙ በማሸጊያው ላይ «130/705 ኤች» ወይም «15×1» የሚል ጽሑፍ ይፈልጉ፤ ለ15፣ ለ27፣ ለ66 እና ለ201 የሚሆነው እሱ ነው። ለስስ ጨርቅ 70 ወይም 80፣ ለመካከለኛ 90፣ ለጂንስ 100 ቁጥር ይጠቀሙ። ሲገጥሙት ረዥሙ ቦይ ክሩ ወደሚገባበት ጎን፣ ጠፍጣፋው ደግሞ ወደ ተቃራኒው ይሁን። ተገልብጦ የገባ መርፌ ስፌት ይዘላል፤ ጤነኛ መኪና «ተበላሽቷል» ተብሎ በርካሽ የሚሸጠውም አንዳንዴ በዚህ ብቻ ነው።

ቁጥሩ ምን ይነግረናል?

በሲንጀር መኪና ጭንቅላት የቀኝ እግር ሥር የተቀረጸ ተከታታይ ቁጥር አለ። ፊደል የሌለው፣ ቁጥር ብቻ ከሆነ መኪናው ከ1900 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ነው። በእንግሊዝኛው «ኤፍ» ወይም «ዋይ» የሚጀምር ከስኮትላንዱ የክላይድባንክ ፋብሪካ፣ በ«ጂ» የሚጀምር ከአሜሪካው የኤሊዛቤት ፋብሪካ፣ በ«ሲ» የሚጀምር ከጀርመኑ የቪተንበርገ ፋብሪካ የወጣ ነው። ከሞዴል ቁጥር ኋላ የሚመጣው «ኬ»ም ክላይድባንክን ያመለክታል፤ ፋብሪካው የቆመበት ሰፈር ኪልቦዊ ይባል ነበር። ይህ ሁሉ ዕድሜንና ትውልድን ይነግራል እንጂ ጤንነትን አይነግርም። ጤንነቱን የሚነግረን እጃችን ነው።

በእጅ መፈተሽ

ቺንጋውን ያውልቁ፤ ተጫኝ እግሩን ያንሱ፤ ክሩን ያስወጡ። ከዚያ የእጅ መዘውሩን ወደ ራስዎ ቀስ ብለው ያዙሩት። ጤነኛ መኪና ሙሉውን ዙር በእኩል ቅለት ይዞራል። ዙሩን በሙሉ ከከበደ አብዛኛውን ጊዜ የደረቀ ዘይት ነው፤ ይህ ይድናል። አንድ ቦታ ላይ ደርሶ ቀጥ ካለ ግን መንጠቆው ውስጥ ክር ተቀርቅሯል፣ ወይም የታጠፈ ነገር አለ፣ ወይም ዝገት ይዞታል። በጉልበት ማዞር የተሰበረ ብረት ያመጣል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና ሻጩ «ትንሽ ጠንከር አድርገው» ቢልዎትም እጅዎን ይሰብስቡ።

ቀጥሎ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ገልብጠው ሆዱን ይዩ። ቡናማና ሙጫ የሚመስል ከሆነ የደረቀ ዘይት ነው። ቀይ ሆኖ በጣት ሲነካ የሚረግፍ ከሆነ ዝገት ነው። በላዩ ላይ የሚታይ ስስ ዝገት አያሳስብም፤ ዘንጎቹ በሚዞሩባቸው ጉድጓዶች ውስጥ የገባው ግን ያሳስባል።

መርፌው የሚታሰርበትን ዘንግ በሁለት ጣት ይዘው ወደ ጎንና ወደ ፊት ያነቃንቁት። ጎልቶ የሚሰማ ልቅነት ካለ መኪናው ብዙ ሠርቷል ማለት ነው። የመርፌውን ብሎን በካቻቢቴ ወይም በጣት ፈተው ያስሩ፤ ጥርሱ ያልተበላ መሆን አለበት። ከዚያ መርፌው የሚገባበትን ቀዳዳ ጠጋ ብለው ይመልከቱ። ጠርዙ በተሰበሩ መርፌዎች ተቦጫጭሮ ከሆነ ክር ይቆርጣል። የመንጠቆውን ወይም የሻትሉን ጫፍ በጥፍርዎ ዳበስ ያድርጉት፤ ሹልና ለስላሳ ሊሆን ይገባል፤ ጥፍር የሚይዝ ከሆነ ተጎድቷል። ጨርቅ ጎታቾቹን ጥርሶች ደግሞ በጣት ጫፍ ይንኩ፤ ሸካራነታቸው ሊሰማ ይገባል። ለዓመታት ያለ ጨርቅ፣ ተጫኝ እግሩ ወርዶ የተረገጠ መኪና ጥርሱ ያልቃል።

ከእጅ መዘውሩ መሐል ያለችውን ትንሽ ክብ መፍቻም ይሞክሩ። ስትላላ መዘውሩ ብቻውን ይዞራል፣ መርፌው ይቆማል፤ ቦቢን የሚሞላው በዚህ ሁኔታ ነው። በመጨረሻ የላይኛው ክር ማጥበቂያ ላይ ያለችው ቀጭን ሽቦ መኖሯንና ሲነኳት ተመልሳ መነሳቷን ያረጋግጡ። ትንሽ ናት፤ እሷ ከሌለች ግን ስፌቱ አይስተካከልም።

መቆሚያው፣ እንጨቱና ቺንጋው

ገዢዎች ጭንቅላቱን መርምረው መቆሚያውን ይረሱታል፤ ድካምን የሚያመጣው ግን መቆሚያው ነው። ቺንጋው እንደወለቀ መርገጫውን ሁለት ሦስት ጊዜ ረግጠው እግርዎን ያንሱ። ትልቁ መዘውር በራሱ ኃይል ጥቂት ዙር መቀጠል አለበት። ወዲያው ከቆመ ዘይት ፈልጓል ወይም ኩሽኔታው ታሟል። ኳኳታ ካሰማ መርገጫውንና መዘውሩን የሚያገናኘው ዘንግ መገጣጠሚያው ልል ነው፤ ብዙ ጊዜ ብሎን በማጥበቅ ይስተካከላል።

የብረት እግሮቹ ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት የተሠሩ ናቸው። ይህ ብረት ጠንካራ ቢሆንም ሲወድቅ ይሰነጠቃል፤ ተራ ብየዳም በቀላሉ አይዘውም። ስለዚህ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ እየነኩ ስንጥቅ ይፈልጉ። ከትልቁ መዘውር ጎን ልብስ እንዳይገባ የሚከልል የብረት ክፍል ነበረው፤ መኖሩን ይዩ። ሰፊ ቀሚስ ወይም ነጠላ ለሚለብስ ሰው ይህ ክፍል የጌጥ ጉዳይ አይደለም።

እንጨቱን ገልብጠው ምስጥ ያልበላው መሆኑን ያረጋግጡ። ጭንቅላቱና ጠረጴዛው ለየብቻ ከተገዙ መገጣጠማቸውን አስቀድመው ይለኩ። ሙሉ መጠን ያለው የሲንጀር ጭንቅላት ወለል ወደ 37 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 18 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። 99 እና 128 የሚባሉት ግን አነስ ያሉ ስለሆኑ በሙሉ መጠን ጠረጴዛ ቀዳዳ ላይ አይቀመጡም።

ቺንጋ ስለሌለው ብቻ መኪና አይጣል። ክብ የቆዳ ቺንጋ፣ ወደ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ርካሽና በቀላሉ የሚለወጥ ነገር ነው።

የጨርቅ ፈተና

ከተቻለ ሰፍተው ሳያዩ አይክፈሉ። ነጭ የጥጥ ጨርቅ ሁለት እጥፍ፣ ጥቁርና ቀይ ክር፣ አንድ አዲስ 90 ቁጥር መርፌ ይዘው ይሂዱ። ጥቁሩን ከላይ፣ ቀዩን በቦቢኑ ያድርጉ። አንድ ክንድ ያህል ቀጥ አድርገው ይስፉና በሁለቱም ፊት ያንብቡት።

ከላይ ጥቁር ብቻ፣ ከታች ቀይ ብቻ ከታየ ቁልፉ በጨርቆቹ መሐል ተቀምጧል፤ መኪናው ጤነኛ ነው። ከላይ የቀይ ነጠብጣብ ከወጣ የላይኛው ክር ጠብቋል ወይም የታችኛው ላልቷል። ከታች ጥቁር ቀለበቶች ከተጠላለፉ የላይኛው ክር ላልቷል፣ ወይም ከማጥበቂያዎቹ መሐል አልገባም። ሁለቱም በማስተካከል የሚፈታ ነው። ክሩ ሳይበጠስ ስፌቱ በመሐል እየዘለለ ከሄደና አዲሱ መርፌም በትክክል ከተገጠመ ግን የመርፌውና የመንጠቆው አካሄድ አልተገናኘም፤ ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፣ ዋጋውም ይቀነስ።

ዋጋና ወሬ

«ጥንታዊ ስለሆነ ውድ ነው» የሚል ሻጭ ያጋጥምዎታል። አሮጌ ሲንጀር በራሱ ብርቅ አይደለም። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1856 መኪናዎቹን በየወሩ በሚከፈል ዋጋ መሸጥ በመጀመሩ አቅም ያነሰው ቤተሰብም ጭምር ሊገዛው ቻለ፤ በ1913 ከክላይድባንክ ፋብሪካ ብቻ ከ1 ሚሊዮን በላይ መኪና ወጥቷል። ስለዚህ ዋጋውን ዕድሜው ሳይሆን ጤንነቱና መለዋወጫው ይወስኑት።

ሌላው መጠንቀቅ የሚገባን ወሬ የ«ቀይ ሜርኩሪ» ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. በሳዑዲ ዓረቢያ በአሮጌ ሲንጀር መርፌ ውስጥ በውድ የሚሸጥ ቀይ ሜርኩሪ አለ የሚል ወሬ ተነዝቶ ሰዎች ለአንድ አሮጌ መኪና በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሪያል እስከ መጠየቅ ደረሱ። የሞባይል ስልክ ወደ መኪናው በማስጠጋት «እንመረምራለን» ያሉም ነበሩ። ከወሬው ጀርባ ምንም እውነት የለም። መርፌው ብረት ነው፣ አካሉም ብረት ነው፤ በውስጡ የተደበቀ ሀብት የለም። በዚህ ስም ውድ ዋጋ የሚጠይቅም፣ ለመግዛት ቀብድ የሚሰጥም ሲመጣ ይራቁ።

ከገዙ በኋላ

መጀመሪያ ያጽዱ። በቦቢኑ ዙሪያና በጥርሶቹ መሐል የተጠቀጠቀውን ብናኝ በብሩሽና በመርፌ ጫፍ ያውጡ። የደረቀ ዘይት ካለ በሆዱ በኩል ጥቂት ነጭ ጋዝ ወይም የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አድርገው ያሳድሩት፤ በማግስቱ በእጅ ቀስ እያሉ ያዙሩት። የወርቅ ቀለም ጌጡን በአልኮል አይጥረጉ፤ አሮጌውን ቫርኒሽ ያሟሟዋል። የምግብ ዘይትም አይጠቀሙ፤ ከጊዜ በኋላ ደርቆ ሙጫ ይሆናል። ንጹሕ የስፌት መኪና ዘይት ገዝተው ብረት ከብረት ጋር በሚፋተግበት ቦታ ሁሉ አንድ ወይም ሁለት ጠብታ ያድርጉ። ከዚያ ጥቂት ረግጠው ትርፉን በጨርቅ ይጥረጉ፤ የመጀመሪያውን ስፌት በቁራጭ ጨርቅ ላይ ይጀምሩ።

ቀጥሎ እግርዎን ያሠልጥኑ። ክሩን አውጥተው፣ ተጫኝ እግሩን አንስተው፣ የመዘውሩን መፍቻ አላልተው ርግጫ ብቻ ይለማመዱ። መነሻውን ሁልጊዜ በቀኝ እጅ መዘውሩን ወደ ራስዎ በመሳብ ይስጡት፤ እግር ተከትሎ ይቀበላል። ወደ ኋላ የዞረ መኪና ክር ይበጥሳል፣ ከታችም ያጠላልፋል። ጀማሪ ለሥራ መቀመጥ የሚገባው ሳያስበው ወደ ፊት ብቻ መርገጥ ሲችል፣ በፈለገበት ስፌት ላይም ማቆም ሲችል ነው። ትዕግሥቱ ይከፍላል፤ በእግር የሚሰፋ ሰው አንዲት ስፌት ብቻ መጨመርም ይችላል፣ ይህ የአንገት ኩርባና የኪስ ማዕዘን ለሚሰፋ እጅ ትልቅ ነገር ነው።

ቺንጋው እየሠራ ሲለጠጥ መንሸራተት ይጀምራል። ያን ጊዜ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጠው መልሰው ያያይዙት። ከመጠን በላይ ከጠበቀ ርግጫውን ያከብዳልና ሲያዞሩት የማይንሸራተትበት ልክ ይበቃል።

ለማጠቃለል

ሁለት መኪና ፊት ለፊትዎ ቀርበው ከተቸገሩ ይህንን ቅደም ተከተል ይከተሉ። መጀመሪያ ለሥራዎ የሚሆነውን ይለዩ። ቀጥሎ መርፌውና ቦቢኑ ከሰፈርዎ ሱቅ ወይም ከመርካቶ የሚገኝለትን ያስቀድሙ። ከዚያ በእጅ በቅለት የሚዞረውን፣ መቆሚያው ያልተሰነጠቀውን፣ በሁለት ቀለም ክር ፈተናውን ያለፈውን ይውሰዱ። ስሙን፣ ዕድሜውንና ጌጡን ከሁሉም በኋላ ይመልከቱ። በዚህ መንገድ የተመረጠ መኪና ለሥራ ነው የተገዛው፤ ገዝተው ወደ ቤት ባስገቡበት ሳምንት ሥራ ይጀምሩበት።